በባለቤቱ እጅ በተሠራ ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ የስልክና የታብሌት ሶኬት ስለ ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባለቤቶቻቸው እጅ የተሠሩ ብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች ዳሽቦርድ ላይ አንድ የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት አለ። የገባው በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ለመሰካት ነበር። ዛሬ በዚያው አንድ ቀዳዳ ላይ የበረራ ካርታ የሚያሳይ ታብሌት፣ የአብራሪውና የተሳፋሪው ስልክ፣ አንዳንዴም የአየር ትራፊክ መረጃ መቀበያ ይንጠለጠሉበታል። አሮጌውን አውጥቶ ዩኤስቢ ማስገባት የአንድ ቀን ሥራ ይመስላል፤ ቀዳዳውን መብሳት በእርግጥም የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሶኬቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የአውሮፕላኑ የኤሌክትሪክ አካል ይሆናል፤ ከሬዲዮው፣ ከኮምፓሱና ከባትሪው ጋር ተስማምቶ መኖር አለበት። ከታች ያሉት መልሶች በዋናነት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለሆኑ አውሮፕላኖች የተጻፉ ናቸው። በእነዚህ አውሮፕላኖች ሞተሩ ሲሠራ መስመሩ ላይ 14 ቮልት ገደማ ይገኛል።

የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት እየሠራ ነው። ለምን ልለውጠው?

ይህ ሶኬት የተሠራው አንድ የሚግል ጥቅል ሽቦ ለጥቂት ሰከንድ ይዞ መልሶ እንዲያስፈነጥር ነው፤ ፕላግን ለሰዓታት አጥብቆ እንዲይዝ አልታሰበም። በፕላጉ ጫፍ ያለው ስፕሪንግ ፕላጉን ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ የሞተሩ ንዝረት ደግሞ ያግዘዋል። ፕላጉ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲላላ ንክኪው ይደክማል፣ የደከመ ንክኪ ይሞቃል፣ ሙቀቱም ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል። ታብሌቱ ቻርጅ ማድረግ ሲጀምርና ሲያቋርጥ ካዩ፣ ገመዱን ከመውቀስዎ በፊት ሶኬቱን ይመልከቱ። በዚያ ላይ ሶኬቱ ውስጥ የሚሰካው አስማሚ ከዳሽቦርዱ ወጥቶ ስለሚቆም ጉልበት ይመታዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ብዙዎቹ ርካሽ አስማሚዎች ሬዲዮ የሚረብሹ መሆናቸው ነው፤ ወደዚህ ጉዳይ በሰፊው እንመለስበታለን።

እንደዚያም ሆኖ የ12 ቮልት መውጫው ጨርሶ እንዲጠፋ አልመክርም። የሚሞቅ ጃኬት ወይም ትንሽ የጎማ መንፊያ 12 ቮልት በቀጥታ ይፈልጋል። ለእነዚህ የሚሻለው በአይኤስኦ 4165 ደረጃ የተሠራው፣ ውስጡ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ሶኬት ነው። ፕላጉን ቆንጥጦ ስለሚይዝ ንዝረት በቀላሉ አያላቅቀውም።

ስንት ዋት ያስፈልገኛል?

አብዛኛው ሰው ከሚገምተው ያነሰ፣ አሮጌው የዩኤስቢ አስማሚ ከሚሰጠው ግን የበለጠ። የመጀመሪያዎቹ የዩኤስቢ ቻርጀሮች 5 ቮልት በ1 አምፒር፣ ማለትም 5 ዋት ይሰጡ ነበር። ፀሐይ ላይ ስክሪኑ እስከ መጨረሻው ደምቆ፣ ጂፒኤሱ በርቶ፣ ካርታው እየተንቀሳቀሰ ያለ ታብሌት በ5 ዋት ሊጠግብ አይችልም። ተሰክቶም ፐርሰንቱ ይወርዳል። በ2.4 አምፒር የሚሠራው የዩኤስቢ ኤ ሶኬት 12 ዋት ይሰጣል። ይህ ለስልክ ይበቃል፣ ለታብሌት ግን አፋፍ ላይ ነው።

ዩኤስቢ ሲ ያለ ምንም ድርድር በ5 ቮልት 15 ዋት መስጠት ይችላል። ፓወር ዴሊቨሪ የተባለው አሠራር ሲጨመርበት ደግሞ ቻርጀሩና መሣሪያው ተነጋግረው 9፣ 15 ወይም 20 ቮልት ይመርጣሉ፤ እስከ 100 ዋትም ይደርሳሉ። በ2021 የወጣው ደረጃ እስከ 240 ዋት ይፈቅዳል፤ ያ በትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ቦታ የለውም። ገመዱንም አይርሱ፤ ከ3 አምፒር በላይ የሚያስተላልፈው በውስጡ መለያ ቺፕ ያለው ገመድ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ 100 ዋት ሶኬት ላይ ተራ ገመድ ቢሰኩ ከ60 ዋት አያልፍም።

የእኔ ምርጫ ለእያንዳንዱ መቀመጫ አንድ 30 ዋት ገደማ የሚሰጥ የዩኤስቢ ሲ ሶኬት ነው። ላፕቶፕ የሚሞላ ካለ አንዱን ወደ 60 ከፍ ማድረግ ይበቃል። ትልቅ ዋት መግዛት ትልቅ ሙቀትና ትልቅ ረብሻ አብሮ መግዛት ነው። በ90 በመቶ ብቃት የሚሠራ ቻርጀር 100 ዋት ሲያወጣ 11 ዋት ገደማ ሙቀት ከዳሽቦርዱ ጀርባ ይተዋል፤ እዚያ ደግሞ አየር በደንብ አይዘዋወርም።

ኦልተርኔተሬ ይህን ሁሉ ይችላል?

ኦልተርኔተሩ፣ ማለትም ሞተሩ የሚያዞረው ኤሌክትሪክ አመንጪ፣ መቻል አለመቻሉ በወረቀት ላይ ይገኛል፤ ቁጭ ብለው ይደምሩት። ሬዲዮ፣ ትራንስፖንደር (ለራዳር ምላሽ የሚሰጥ መሣሪያ)፣ የመሣሪያ ስክሪኖች፣ መብራቶች፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ የባትሪው መሙያ ፍሰት፤ ሁሉንም በአምፒር ጽፈው ይደምሩ። 60 አምፒር የሚሰጥ ኦልተርኔተር ያለው ሰው ብዙ መጨነቅ የለበትም። በሌላ በኩል የሮታክስ 912 ዩኤልኤስ ሞተር ከራሱ ጋር የተሠራ ጄኔሬተር 250 ዋት ገደማ ነው የሚሰጠው፤ እሱንም በከፍተኛ ዙር ነው። ከዚህ ላይ ሁለት ባለ 60 ዋት ሶኬት ቢሠራ ግማሹ በስልክና በላፕቶፕ ተበላ ማለት ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲቆይ ደግሞ ጉድለቱን የሚሞላው ባትሪው ነው።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የዱሮ አምፖል ቮልቴጅ ሲወርድበት ይደበዝዛል፣ የሚወስደውም ፍሰት ይቀንሳል። የዩኤስቢ ቻርጀር ግን በተቃራኒው ነው፤ ውጤቱን እንዳለ ለማቆየት ከመስመሩ የሚስበውን አምፒር ይጨምራል። 60 ዋት የሚያወጣ ሶኬት ብክነቱን ጨምሮ 67 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በ14 ቮልት ይህ 4.8 አምፒር ነው። ኦልተርኔተሩ ቆሞ ባትሪው ወደ 11 ቮልት ሲወርድ ግን 6.1 አምፒር ይሆናል። ባትሪው በሚዳከምበት ሰዓት እርሱ የበለጠ ይጠባል። ስለዚህ ሶኬቶቹ የራሳቸው ማጥፊያ ይኑራቸው፤ ኃይል መሙላት ሲቋረጥ በመጀመሪያ የሚጠፉትም እነርሱ ይሁኑ። ባትሪው የሚያቆየው ለሬዲዮና ለዋና መሣሪያዎች ነው፤ ሶኬቱን ለአደጋ ጊዜ ከተለየው መስመር ላይ አያያይዙት።

የትኛውን ሽቦና ስንት አምፒር ፊውዝ ልጠቀም?

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም፤ ፊውዝ የሚገባው ስልኩን ለመጠበቅ አይደለም፣ ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ስለዚህ ፊውዙ የሚመረጠው በሽቦው ውፍረት ነው፤ ቦታውም ኃይሉ ከሚነሣበት ሰሌዳ አጠገብ እንጂ ከሶኬቱ ጀርባ አይደለም። ሶኬቱ ዘንድ ያለ ፊውዝ ከሰሌዳው እስከ ሶኬቱ ያለውን ሽቦ አይጠብቅም።

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ኤሲ 43.13-1ቢ በተባለው መመሪያው ላይ ያስቀመጠው ሠንጠረዥ ጥሩ መነሻ ነው። ለ22 ጌጅ ሽቦ (ጌጅ የውፍረት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል) 5 አምፒር ብሬከር (ፍሰት ሲበዛ የሚቆርጥ ማጥፊያ)፣ ለ20 ጌጅ 7.5፣ ለ18 ጌጅ 10፣ ለ16 ጌጅ 15 ይላል። ለፊውዝ የሚሰጠው ቁጥር በአንዳንዶቹ ላይ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ለምሳሌ ለ20 ጌጅ 5 አምፒር፣ ለ16 ጌጅ 10።

ሙቀቱ ብቻ ግን አይበቃም፤ የቮልቴጅ መውረድም አለ። ያው መመሪያ በ14 ቮልት መስመር ላይ ያለማቋረጥ ለሚሠራ ነገር የሚፈቅደው መውረድ 0.5 ቮልት ነው። ሶኬትዎ ከሰሌዳው 2 ሜትር ቢርቅ፣ ኃይሉ ሄዶ ሲመለስ 4 ሜትር ሽቦ ያቋርጣል። የ20 ጌጅ ሽቦ በሜትር 33 ሚሊ ኦም ገደማ ስላለው በ5 አምፒር 0.66 ቮልት ይጠፋል። በ18 ጌጅ፣ በሜትር 21 ሚሊ ኦም፣ መጥፋቱ 0.42 ነው። ስለዚህ በዚህ ርቀት 20 ጌጁ በሙቀት ባይሸነፍም 18 ጌጁን እመርጣለሁ፤ የክብደታቸው ልዩነት በጥቂት ግራም የሚቆጠር ነው።

ስለ ሽቦው ሽፋን አልደራደርም። ኤም 22759/16 የሚባለው የአውሮፕላን ሽቦ ሽፋኑ ቴፍዘል ሲሆን 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ይችላል። ተራው የፒቪሲ ሽቦ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ መርዛማ ነው፤ ጠባብ የአብራሪ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከጭሱ የሚሸሹበት ቦታ የለም። የሽቦ ጫፎችን በትክክለኛው ፒንሳ ጨምቀው ይሥሩ። በስታኞ ከበየዱም ብየዳው ካለቀበት ቦታ ጀምሮ ሽቦውን በሙቀት በሚሸበሸብ ቱቦ ያልብሱትና በማሰሪያ ይደግፉት፤ ንዝረት ሽቦ የሚሰብረው ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ሽቦው ብረት አቋርጦ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ያስገቡ፤ ከነዳጅ ቱቦ ጋር አንድ ላይ አይሰሩት፣ ከቱቦውም በላይ ያሳልፉት።

ቻርጀር ስሰካ ሬዲዮዬ ለምን ይጮኻል?

የዚህ ሁሉ ሥራ ፈተና እዚህ ላይ ነው። የዩኤስቢ ሶኬት 14 ቮልትን ወደ 5 ወይም ወደ 20 የሚለውጠው ኃይሉን በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ እያበራና እያጠፋ ነው። ያ ፈጣን መቆራረጥ የራሱን ድግግሞሽ ብቻ ሳይሆን ብዜቶቹንም (ሁለት እጥፉን፣ ሦስት እጥፉን እያለ የሚቀጥለውን) ይረጫል፤ ብዜቶቹም እየደከሙ ቢሄዱ እንኳ የአቪዬሽን ሬዲዮ እስከሚሠራበት ከ118 እስከ 136.975 ሜጋኸርትዝ ድረስ ይደርሳሉ። የአውሮፕላን ሬዲዮ በኤኤም ስለሚሠራ እንዲህ ያለውን ረብሻ አጣርቶ የመጣል አቅሙ ትንሽ ነው።

ቻርጀሩ ረብሻውን ያመነጫል፣ ገመዱ ደግሞ አንቴና ሆኖ ያሰራጨዋል። በ120 ሜጋኸርትዝ የአንድ ሞገድ ሩብ ርዝመት 62 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። የተለመደ የስልክ ገመድ በዚሁ አካባቢ ያለ ርዝመት ስላለው፣ ሳናስበው ለሬዲዮው ባንድ የተመቸ አንቴና ከዳሽቦርዱ ላይ እንሰቅላለን። አካሉ ከፋይበር የተሠራ አውሮፕላን ከሆነና አንቴናው አካሉ ውስጥ ከተደበቀ ደግሞ በመካከላቸው የሚከልል ብረት እንኳ የለም።

የመጀመሪያውን የዩኤስቢ ሶኬቴን ስገጥም መሬት ላይ ፈትሼው ነበር፤ የራሴን ስልክ ሰክቼ ሬዲዮውን ሰማሁ፣ ጸጥ ያለ ነው። ስልኬ ግን ሙሉ ነበር። አየር ላይ ተሳፋሪዬ ሊሞትበት የደረሰ ስልኩን ሲሰካ የማማው ድምፅ ከጆሮዬ ጠፋ። ጩኸት እንኳ አልሰማሁም፤ ዝም አለ። ገመዱን ሲነቅለው ተቆጣጣሪው ለሦስተኛ ጊዜ እየጠራኝ ነበር። ቻርጀሩ ብዙ አምፒር ሲያወጣ ረብሻው ጨመረ፤ የሬዲዮው ስኩዌልች (የሚናገር ሰው በሌለበት ጊዜ ሹክሹክታውን የሚዘጋው ክፍል) ደግሞ ደካማውን ድምፅ ከረብሻው መለየት ሲያቅተው በሩን ዘጋው። ከዚያ ቀን ወዲህ የምለው ይህን ነው፤ ጩኸት አለመስማት ረብሻ አለመኖሩን አያሳይም።

ታዲያ በትክክል የሚፈተሸው እንዴት ነው?

ዳሽቦርዱን ከመብሳትዎ በፊት። ሶኬቱን ሊገጥሙት ባሰቡት ቦታ በጊዜያዊ ሽቦና ፊውዝ ያገናኙት፤ ሞተሩ ጠፍቶ በባትሪ ብቻ ይጀምሩ። የሬዲዮውን ስኩዌልች ከፍተው ሹክሹክታውን በጆሮዎ ይያዙት። ከዚያ ባትሪው ያለቀ ታብሌት ይሰኩ፤ የዩኤስቢ መሞከሪያ ሸክም ካለዎት ይበልጥ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም በ5፣ በ9፣ በ15ና በ20 ቮልት ለየብቻ ማስጨነቅ ይቻላል። ሹክሹክታው ከተለወጠ ወይም ዜማ ያለው ፉጨት ከገባበት ረብሻ አለ።

በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ መፈተሽ አይበቃም። ብዜቶቹ በየተወሰነ ርቀት ስለሚቀመጡ አንዱ ቻናል ንጹሕ ሆኖ ቀጣዩ ሊታፈን ይችላል። ከታች እስከ ላይ ባንዱን ይዙሩ፤ የአደጋ ጊዜ ፍሪኩዌንሲ የሆነውን 121.5ንና ዘወትር የሚጠቀሙባቸውን ፍሪኩዌንሲዎች በተለይ ቆም ብለው ያዳምጡ። ከዚያ ስኩዌልቹን ወደ ቦታው መልሰው ከሩቅ የሚመጣ ደካማ ስርጭት፣ ለምሳሌ ሩቅ ያለ ጣቢያ የሚያሰማውን የአየር ጠባይ መረጃ፣ ቻርጀሩን እያበሩና እያጠፉ ያነጻጽሩ። በ1575.42 ሜጋኸርትዝ የሚሠራውን የጂፒኤስ ሲግናል ጥንካሬም ይመልከቱ። በመጨረሻ ሞተሩን አስነሥተው ይድገሙት። ረብሻው ከየት እንደሚወጣ ለማግኘት የኪስ ኤኤም ሬዲዮ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ አድርገው ወደ ቻርጀሩና ወደ ገመዶቹ ማስጠጋት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሲቃረብ ይጮኻል።

ረብሻ ካገኘሁ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ቀላሉን። በቻርጀሩ መግቢያ ሽቦም በመውጫ ገመዱም ላይ የፌራይት ቀለበት (ረብሻን የሚውጥ ማግኔታዊ ቁስ) ያድርጉ። ለዚህ ባንድ ቁጥር 31 ወይም 43 የሚባለው ፌራይት ይሠራል። ሽቦው በቀለበቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢያልፍ መከላከሉ ሁለት ሳይሆን አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ገመዱን ያሳጥሩ፣ ከአንቴናው ገመድ ያርቁት። ቻርጀሩን ከግራውንድ (ከኔጋቲቩ መስመር) ጋር በተያያዘ የብረት ሣጥን ውስጥ ማስገባትም ይረዳል።

ይህን ሁሉ አድርገው ካልተሻለ ሶኬቱን ይለውጡት። በመጥፎ ቻርጀር ላይ ማጣሪያ እየደረደሩ ወራት የሚፈጁ ጎበዝ ባለሙያዎችን አይቻለሁ፤ ድካማቸው ያሳዝነኛል።

ለአውሮፕላን የተሠራ ውድ ሶኬት ልግዛ ወይስ የመኪናና የጀልባው ይበቃል?

ለአቪዬሽን የሚሠሩት ሶኬቶች ዲኦ-160 በሚባለው ደረጃ ይፈተሻሉ፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ፣ ንዝረት፣ የቮልቴጅ መዋዠቅ፣ የሚያወጡት የሬዲዮ ረብሻ ሁሉ ይለካል። ዋጋው የሚንረው ለዚህ ነው፤ ያለ ምክንያት አይደለም። በመኪናና በጀልባ ሶኬቶች መካከልም በጥንቃቄ የተሠሩ አሉ፤ ነገር ግን ሁለት አንድ የሚመስሉ ሶኬቶች ውስጣቸው ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን ይችላል፣ ያው አምራችም ሳይናገር ዕቃውን ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ ጓደኛዬ ጋር ጸጥ ብሏል የሚለው ምስክርነት እርስዎ በእጅዎ የያዙትን አይመለከትም።

የጀልባውን ከመረጡ መግቢያው ቢያንስ ከ9 እስከ 32 ቮልት የሚቀበል ይሁን። ኦልተርኔተር ባትሪውን በብርቱ እየሞላ ሳለ ግንኙነቱ በድንገት ቢቋረጥ መስመሩ ላይ የሚወጣው ቮልቴጅ ከመደበኛው በብዙ ይዘልላል፤ እስከ 15 ወይም 16 ቮልት ብቻ እንዲችል የተሠራ ቻርጀር ያኔ ይቃጠላል፣ የተሰካበትንም ስልክ ይዞ ሊሄድ ይችላል። በመሣሪያ እየተመራ ደመና ውስጥ የሚበር ሰው ከሆኑ ግን የአቪዬሽኑን ይግዙ። በቀን ብርሃን ለሚበር፣ የፈተሸውን ለሚያውቅ ሰው የሌላው ያገለግላል።

ሶኬቱን ከባትሪው ጋር በቀጥታ ባገናኘው ምን ይሆናል?

ሞተር ጠፍቶም ስልክ መሙላት ይመቻል። ይሁንና ምንም ሳይሰካበት ቻርጀሩና ያቺ ሰማያዊ መብራቱ 20 ሚሊ አምፒር ቢወስዱ፣ በ30 ቀን 14.4 አምፒር ሰዓት ይሆናል። የብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች ባትሪ ራሱ ከ16 እና ከ17 አምፒር ሰዓት አይበልጥም። ከወር በኋላ ሲመለሱ ሞተሩ አይነሣም። ከማስተር ስዊቹ (ባትሪውን ከሁሉ ከሚቆርጠው ዋና ማጥፊያ) በኋላ ያገናኙት፤ ሞተር ሲያስነሡም ያጥፉት፣ ጀማሪው ሞተር ሲዞር መስመሩ ይወርዳልና።

በኢንተርኮሜ ውስጥ የሚሰማው ፉጨት ከየት መጣ?

ከሞተሩ ዙር ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት ከሆነ፣ ምናልባት ስልክዎ በድምፅ ገመድ ከኢንተርኮሙ (አብራሪውና ተሳፋሪው በጆሮ ማዳመጫ ከሚነጋገሩበት ሥርዓት) ጋር ተገናኝቶ በዚያው ጊዜ ቻርጅ እያደረገ ነው። ስልኩ በሁለት መንገድ ግራውንድ ስላገኘ በመካከሉ የሚዞር ፍሰት ይፈጠራል፤ የኦልተርኔተሩም ሞገድ ወደ ድምፁ ይገባል። የድምፅ ገመዱ መካከል ላይ ትንሽ የማግለያ ትራንስፎርመር ማስገባት ወይም ድምፁን በብሉቱዝ ማድረግ ይፈታዋል። ሥር ያለው መፍትሔ ግን የሶኬቱን ኔጋቲቭ ሽቦ በአቅራቢያው ባለ ብረት ላይ ከማሰር ይልቅ የሬዲዮና የኢንተርኮም ግራውንድ ወደሚሰበሰብበት አንድ ነጥብ ድረስ መውሰድ ነው። በፋይበር አውሮፕላን ላይ ለነገሩ ሌላ ምርጫም የለም።

ኮምፓሱን አይረብሽም?

ሊረብሽ ይችላል። 5 አምፒር የሚያልፍበት ነጠላ ሽቦ በኮምፓስ አጠገብ ካለፈ መርፌውን ይስበዋል። ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን አንድ ላይ ገምደው ከወሰዷቸው አንዱ የሌላውን መግነጢሳዊ መስክ ያጠፋል፤ ግመዳው የሬዲዮ ረብሻንም ይቀንሳል። ከገጠሙ በኋላ አውሮፕላኑን በአንድ አቅጣጫ አቁመው ሶኬቱን በሙሉ ሸክም ያብሩና ያጥፉ፤ ኮምፓሱ ዝም ማለት አለበት። የስልክ መያዣዎች ማግኔትም የባሰ ጥፋተኛ ነው፤ ለኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች አቅጣጫ የሚነግረው የማግኔት መለኪያ በክንፍ ወይም በጅራት ውስጥ ከሆነ እዚያ አካባቢም ሽቦ አይሳብ።

የት ቦታ ላይ ልግጠመው?

ከሁሉ በፊት መሪውንና የእግር ፔዳሎቹን እስከ መጨረሻው እያንቀሳቀሱ ይመልከቱ። የሚሰካው ገመድ ተንጠልጥሎ መሪ ላይ ሊጠመጠም የሚችልበት ቦታ ሁሉ ከምርጫው ይውጣ። ገመድ መሪን ሲይዝ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም፤ ሌላው መመዘኛ ሁሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ለእያንዳንዱ መሣሪያ በመጠኑ አጭር ገመድ ያዘጋጁ፣ የተረፈውንም ይሰሩት።

ክቡ ሶኬት የሚገባበት ቀዳዳ ከ28 እስከ 29 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን የሲጋራ መለኮሻ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ መጠቀም ይቻላል። ከመብሳት በፊት ከጀርባው ያለውን ጥልቀት ይለኩ፤ ገመዶችና ቱቦዎች እዚያ ይተላለፋሉ። አፉ ወደ ላይ የሚያይ ሶኬት አቧራና የዝናብ ውኃ ይሰበስባል፤ ወደ ጎን ያየ፣ ክዳን ያለው ይሁን።

ታብሌቱ የሚቀመጥበትም ቦታ የዚሁ ጥያቄ አካል ነው። አፕል ለአይፓድ ያስቀመጠው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በመስታወት ክዳን ሥር፣ ፀሐይ ላይ ያለ ታብሌት ይህን በፍጥነት ያልፋል፤ ቻርጅ ማድረጉ ደግሞ የራሱን ሙቀት ይጨምርበታል። መጀመሪያ መሙላቱን ያቆማል፣ ቀጥሎ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ በመጨረሻ ራሱን ይዘጋል። ብዙ ዋት እዚህ ላይ አያድንም። አየር የሚነፍስበት ቦታ ያስቀምጡት፤ ከ80 በመቶ በላይ ከሆነም ነቅለው ያሳርፉት።

ገመድ አልባ ቻርጀር ወይም የ220 ቮልት ኢንቨርተር ባስገባስ?

ሁለቱንም አልመክርም። ገመድ አልባው ቻርጀር ከፍተኛ ሙቀት በስልኩ ጀርባ ላይ ይተዋል፤ የሚሠራበት ድግግሞሽም ከ110 እስከ 205 ኪሎኸርትዝ አካባቢ ስለሆነ ከ190 ኪሎኸርትዝ የሚጀምረውን የኤዲኤፍ (ወደ ሬዲዮ ጣቢያ አቅጣጫ የሚያመለክት መሣሪያ) ባንድ ይነካል። ኢንቨርተር ደግሞ 14 ቮልቱን ወደ 220 ከፍ አድርጎ የላፕቶፑ ቻርጀር መልሶ ወደ 20 እንዲያወርደው ያደርጋል፤ በመካከሉ ኃይል ይባክናል፣ ረብሻ ይጨመራል፣ ሰው የሚይዝ ቮልቴጅም ክፍሉ ውስጥ ይገባል። ለላፕቶፕ የዩኤስቢ ሲ ሶኬት አለ።

ሕጉ ምን ይላል? ፈቃድ ያስፈልገኛል?

የአውሮፕላኑ ምዝገባ ያለበት አገር ይወስናል። በአሜሪካ በግል በተሠራ የሙከራ ምድብ አውሮፕላን ላይ ማንም ሰው መሥራት ይችላል፤ ዓመታዊ ምርመራውን የሚፈርመው ግን የጥገና ሰርተፍኬት ያለው ሠሪ ወይም ባለ ፈቃድ መካኒክ ነው። ተራ ሶኬት መለወጥ በአብዛኛው እንደ ትልቅ ለውጥ አይቆጠርም። የዚያው አገር ደንብ ቁጥር 91.21 ደግሞ በመሣሪያ በረራ ደንብ ሲበር አንድ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ የመገናኛና የናቪጌሽን ሥርዓቱን እንደማይረብሽ የመወሰን ኃላፊነቱን በአብራሪው ወይም አውሮፕላኑን በሚያንቀሳቅሰው ሰው ላይ ይጥላል። በሌሎች አገሮች ለውጡ አስቀድሞ መጽደቅ ሊያስፈልገው ስለሚችል ሽቦ ከመቁረጥዎ በፊት ፈቃድ የሰጠዎትን አካል ይጠይቁ። የትም ይሁኑ የት ሥራውን በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ይጻፉ፤ የሽቦውን ሥዕል፣ የፊውዙን መጠንና የተፈተሹትን ፍሪኩዌንሲዎች ጨምሩበት። አውሮፕላኑን ወደፊት የሚገዛው ሰው ያመሰግንዎታል።

ጥሩ ሶኬት ካለኝ ፓወር ባንክ መያዝ ልተው?

አይተዉ። ሶኬቱ ከአውሮፕላኑ ባትሪና ኦልተርኔተር ጋር አብሮ ይቆማል፤ ፓወር ባንኩ ከሁለቱም ነጻ ነው። ባለ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ብክነቱ ተቀንሶም የአንድ ታብሌትን ባትሪ፣ ማለትም ከ20 እስከ 40 ዋት ሰዓት፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ይሞላል። የሊቲየም ባትሪ ስለሆነ ግን እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ ሻንጣ ክፍል ውስጥ ጭስ ቢጀምር ወንበር ላይ ታስረው ሊደርሱበት አይችሉም። ያበጠ፣ የተቀጠቀጠ ወይም ሲሞላ ከልክ በላይ የሚሞቅ ከሆነ ወደ አውሮፕላኑ አያስገቡት፤ ከበረራ በኋላም ፀሐይ ላይ በቆመ አውሮፕላን ውስጥ ጥለውት አይሂዱ።